ስስ አየር፣ ትልቅ ሞተር

ጉኑኖ ውስጥ ከአባቱ የወረሳትን ቮልስ የሚነዳ ወጣት አውቃለሁ። ሞተሯ 1200 ሲሲ ነው። ብቻውን ሲሆን ደህና ትሄዳለች። ሦስት ሰውና ግማሽ ኩንታል በቆሎ ሲጭንባት ግን ዳገቱን ሳያጋምስ ከሁለተኛ ማርሽ ወደ አንደኛ ይወርዳል፤ ከኋላው ያለው ሚኒባስም ጥሩምባውን እየነፋ ያልፈዋል። ባለፈው ክረምት ቤቴ መጥቶ «ጋሼ፣ የኮሮላ ሞተር ባስገባባትስ?» አለኝ። ቶሎ አልመለስኩለትም። መኪናዋ የአባቱ መታሰቢያ ናት፤ ገንዘቡ ላቡን ያፈሰሰበት ነው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ማንንም አይምርም። ሌላው ዓለም በዚህ ጉዳይ ምን እንደሞከረ፣ የት እንደተሳካለትና የት እንደወደቀ፣ እኛ ያለንበት ከፍታም ሒሳቡን እንዴት እንደሚለውጠው አገላብጬ ካየሁ በኋላ ነው መልስ የሰጠሁት። ይህ ጽሑፍ ያ መልስ ሰፋ ብሎ ነው።

ቮልስን ከስፖርት መኪና ጋር አንድ ላይ ማንሳት ለአንዳንድ ሰው እንግዳ ይመስለዋል። ዝምድናቸው ግን የሥጋ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ የመጀመሪያዋ ፖርሽ 356 ስትሠራ ሞተሯ የቮልስ ነበር፦ 1131 ሲሲ፣ ቴስታታው ተሻሽሎ ከ25 ወደ 35 የፈረስ ጉልበት ከፍ ያለ። ከእሷ በኋላ የመጣችው 911 በ1964 በ2 ሊትር ጀመረች፤ 2.2፣ 2.4፣ 2.7፣ 3 ሊትር እያለች በ1989 3.6 ደረሰች። የሩቅ ሰው ቅርጿን አይቶ ያው መኪና ናት ይላል። ሞተሩ ባደገ ቁጥር ግን ፋብሪካው ሌላውንም አብሮ ሲያሳድግ ነበር፤ ለ1969 ሞዴል በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ሳይቀር አስረዝሟል፤ ፍሬኑና ጎማውም አብረው ሰፍተዋል። «የድሮ መኪና በተወለደበት ሞተር ይሙት» ለሚሉት ወገኖች የምመልሰው በዚህ ነው። «ሞተሩን ብቻ ቀይርና ንዳ» ለሚሉትም መልሱ እዚያው ውስጥ አለ።

እኛ አገር ቮልስ ከሰው ታሪክ ጋር የተቆራኘች መኪና ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በእሷ ነው። መምህሩም፣ የጤና መኮንኑም፣ ሚሲዮኑም በየክፍለ ሀገሩ ይነዳት ነበር። በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ፑኤብላ ከተማ ወጣች። እኛ ዘንድ ግን አልቆመችም። መኪና ማስገባት በቀረጥና በኤክሳይዝ ታክስ ከባድ ሲሆን ሰው ያለውን ይጠግናል፣ የጠገነውን ያሻሽላል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ የቆመ ቮልስ ሁሉ ዋጋው በባለቤቱ ዓይን ከፍ ብሏል።

አሁን ወደ አየሩ ልምጣ፤ ለእኔ የዚህ ጥያቄ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው።

ጉኑኖ፣ በወላይታ የዳሞት ሶሬ ወረዳ ከተማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ቤንዚኑን የሚያቃጥለው አየር ነው። ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየር ይዘቱ ያው ሆኖ ክብደቱ ሲቀንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 34 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ የተሸጠው 1200 ሞተር ጉኑኖ ላይ ወደ 28 ይወርዳል። በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣው የዚሁ ሞተር ታላቅ ወንድም በባሕር ዳርቻ 30 ነበረው። ወጣቱ ወዳጄ እየነዳ ያለው እንግዲህ ከዚያች የ1954 መኪናም የደከመች መኪና ነው፤ ጥፋቱም የመኪናዋ አይደለም።

የቮልስ ትልቁ ሞተር 1600 የሚባለው ሲሆን ትክክለኛው 1584 ሲሲ፣ 50 የፈረስ ጉልበት ነው። ጉኑኖ ሲደርስ 41 አካባቢ ይቀርለታል። በባሕር ዳርቻ 40 የነበረው የትኛው ነው? 1300 ነው። እዚህ 1600 የሚያስገባ ሰው ጅቡቲ ወደብ ላይ 1300 የሚነዳውን ሰው ያህል ጉልበት አገኘ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ባሰላሁ ቁጥር በደጋ አገር ሞተር ማሳደግን እንደ ቅብጠት የሚያዩ ሰዎች ላይ ቅር እሰኛለሁ። ቆላ ላይ ትርፍ የሆነው ነገር እዚህ የተነጠቀን ማስመለስ ነው።

ሒሳቡ ግን ሌላ ፊት አለው። አየሩ ሞተሩን ያደክማል፤ ቁልቁለቱን ግን አያቀለውም። ስምንት መቶ ኪሎ የምትጠጋ መኪና አራት ሰው ጭና ስትወርድ በባሕር ዳርቻም በዳሞታ ተራራ ግርጌም ክብደቷ ያው ነው። ወላይታ ደግሞ የውጣ ውረድ አገር ነው፤ ከዳሞታ ጫፍ 2900 ሜትር ገደማ ተነስቶ እስከ ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ሰው ከ1300 ሜትር በታች ይደርሳል፤ ሲወርድ አየሩ እየወፈረ የተነጠቀው ጉልበት ይመለሳል። ጉኑኖ ላይ ልኩን ያወቀበት ሞተር ታች ሲደርስ ሌላ ሞተር ይሆንበታል። ካርቡሬተሩም እንደዚያው፦ ለባሕር ዳርቻ የተለካው የነዳጅ ቀዳዳ ለደጋ ሲበዛ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ትልቅ ሞተር ከመግዛቱ በፊት ያንን ቀዳዳ በትንሹ ማስተካከልና የካንዴላውን እሳት ቀደም ማድረግ ምን ያህል እንደሚረዳ ሞክሮ ያላየ ሰው ገንዘቡን አያውጣ እላለሁ። ስስ አየር ውስጥ ቤንዚኑ ያለጊዜው የመፈንዳቱ ስጋት ስለሚቀንስ በደጋ የሞተሩን የማመቅ መጠን ትንሽ ከፍ ማድረግም ይቻላል። ይህ የቴስታታ ሥራ ነው፤ ጥሩ ቶርኖ ያለበት ቤት ይበቃዋል።

ሌላው ዓለም ምን ሠራ? ካሮል ሼልቢ የተባለው አሜሪካዊ እሽቅድምድመኛ በ1962 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙን ኤሲ ኤስ የተባለ ቀላል መኪና ወስዶ ባለ ስምንት ሲሊንደር የፎርድ ሞተር ገጠመበት። ኮብራ የተባለችው መኪና እንዲህ ተወለደች። መጀመሪያ 4.2 ሊትር ነበር፣ ቀጥሎ 4.7። እስከዚህ ድረስ የድሮው ሻንሲ በጥቂት ማጠናከሪያ ችሎታል። በ1965 ሰባት ሊትር ሞተር ሲመጣ ግን አልቻለም፤ የሻንሲው ቱቦዎች በወፍራም ተተኩ፣ የፊትና የኋላው ባሌስትራ ወጥቶ ጥቅል ስፕሪንግ ገባ። ሰው የሚያስታውሰው የሰባት ሊትሩን ድምፅ ነው። እኔን የሚገርመኝ ከሥሩ ያለው ብረት ነው፦ አንድ መኪና ሊሸከመው የሚችለው ልክ እንዳለውና ልኩ ሲያልፍ ሌላ መኪና መሥራት እንደሚያስፈልግ አምነው ተቀበሉ።

ሰንቢም ታይገር የምትባለው ደግሞ ለእኛ መካኒኮች የበለጠ ትቀርባለች፤ የጠባብ ቦታ ጥበብ ናት። 1.6 ሊትር ሞተር የነበራት ሰንቢም አልፓይን በ1964 ያንኑ የፎርድ 4.2 ሊትር ሞተር ተቀበለች። ሞተሩ ገባ፤ ግን የመሪው አሠራር ካልተለወጠ ቦታ ስላልነበረው ሙሉ በሙሉ ሌላ መሪ ተገጠመላት። ከካንዴላዎቹ አንዱን ለመፍታት ከኮፈኑ ሥር እጅ አይደርስም፤ ከተሳፋሪው ክፍል በኩል ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ሞተር ሲቀይር «ገባ!» ብሎ የሚደሰት ሰው ይህንን ቀዳዳ ያስብ። የገባ ሞተር ነገ ይፈታል፣ ዘይቱ ይቀየራል፣ ፋሻው ይበላል። ቁልፍ የማይደርስበት ሞተር በሦስተኛው ወር ባለቤቱን ያስመርራል። ታይገርም በ1967 ቆመች፤ ኩባንያው በክራይስለር እጅ ሲገባ ባለቤቱ በተፎካካሪው በፎርድ ሞተር መሸጥ አልፈለገም፣ የራሱ ሞተር ደግሞ በዚያ ቦታ አልገባ አለ።

ስለ ክብደት የሚያስተምሩት ሁለት እህትማማች መኪኖች ናቸው፤ ኤምጂሲና ኤምጂቢ ቪ8። በ1967 የኤምጂ ፋብሪካ በ1.8 ሊትሯ ኤምጂቢ ላይ 2.9 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የብረት ሞተር ጫነ። አፍንጫዋ ላይ ወደ 95 ኪሎ ተጨመረ። ቀጥታ መንገድ ላይ ፈጠነች፤ ጥምዝ ላይ መሪዋ ከበደ፣ አልታዘዝ አለች። ነጂዎች አልወደዷትም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ተቋረጠች። ቀጥሎ ኬን ኮስቴሎ የተባለ እንግሊዛዊ በራሱ ጋራዥ ሌላ መንገድ ሞከረ፦ 3.5 ሊትር የሮቨር ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ግን ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ክብደቱ ከድሮው አራት ሲሊንደር ብዙም የማይርቅ። መኪናዋ ሚዛኗን ሳትስት ጉልበት አገኘች። ፋብሪካው አይቶ ተቀበለው፤ ከ1973 እስከ 1976 ራሱ 2591 ሠራ። ይህ ሞተር በሬንጅ ሮቨር ኮፈን ሥር እኛም አገር ገብቷል። ከሊትሩ በፊት ኪሎውን ጠይቅ የምለው ከዚህ ታሪክ ተነስቼ ነው።

ወደ ሰፈራችን ቅርብ የሆነው ምስክር የጎረቤታችን ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በ1971ና በ1973 ያሸነፈችው ዳትሰን 240ዜድ 2.4 ሊትር ሞተር ነበራት። ዛሬ ይህችን መኪና የሚያሳድጉ ሰዎች ሩቅ አይሄዱም፤ የዚያው ቤተሰብ የሆነውን 2.8 ሊትር ያስገባሉ። መቀመጫው ያው ነው፣ ካምቢዮው ይገጥማል፣ ርዝመቱም አይለወጥም። የአዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲዎች የሚያስታውስ አንባቢም ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። ከፊያት 124 የተወለደችው ላዳ በ1.2 ሊትር ጀምራ 1.5ና 1.6 ደርሳለች፤ ሞተሮቹ ወንድማማቾች ስለሆኑ የአንዱ በሌላው ቦታ ይቀመጣል። የፊያት 124 የስፖርት እህትም ያንኑ መንገድ ተጉዛ ከ1.4 ተነስታ 2 ሊትር ገብታለች። የኔ ሚዛን ወደዚህ ያደላል፤ ትልቅ ሞተር ከፈለግህ መጀመሪያ ከመኪናው ዘመድ ፈልግ።

ለቮልስ ዘመዱ 1600 ነው። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ስለሆነ ልምድ ያለው መካኒክና አንድ ረዳት ከሰዓት በፊት ያወርዱታል። ይህ ቅለት ግን ያዘናጋል። የድሮዎቹ ቮልሶች ባትሪ ስድስት ቮልት ነው፤ የኋለኞቹ አሥራ ሁለት። የ1600 ፍላይዊል፣ ከሞተሩ ጫፍ የሚዞረው ያ ባለጥርስ ከባድ ብረት፣ በጥርስም በስፋትም ይበልጣል፦ የድሮው 109 ጥርስ ነው፣ የአዲሱ 130። በድሮው ካምቢዮ ቤት ውስጥ ሳይሞረድ አይዞርም። ሞቶሪኖውም አብሮ መቀየር አለበት። ይህንን ያልነገሩት ሰው ሞተሩን ገዝቶ፣ ከሶዶ ጭኖ አምጥቶ፣ አልገጥም ሲለው በመዶሻ ይጀምራል።

ሙቀቱም አለ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት በቺንጊያ የሚዞር ማራገቢያ ነው፣ የሚነፋው ደግሞ ያንኑ የሳሳ አየር። እስከ 1970 ድረስ ዘይት ማቀዝቀዣው በአየሩ መንገድ ላይ ቆሞ ሦስተኛውን ሲሊንደር ይጋርደው ነበርና ሲጋል መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። ፋብሪካው ለ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ አውጥቶ ወደ ኋላ ወሰደው። 1600 የሚገዛ ሰው የኋለኛውን ዓይነት ይምረጥ፤ በዙሪያው ያለውን ላሜራና ላስቲክ አንድም ሳያጎድል ያስገጥም። ብዙ ጊዜ የማየው ላሜራውን «ጌጥ ነው» ብለው ሲጥሉት ነው። እሱ ከሌለ የጋለው አየር ተመልሶ ይሳባል፣ ሞተሩም ዕድሜው ያጥራል።

ከሁሉ በላይ ፍሬኑ። ፎልክስዋገን ራሱ ለ1967 ሞዴል 1500 ሞተር ሲያስገባ በአውሮፓ ገበያ የፊት ፍሬኑን ከታምቡር ወደ ዲስክ ቀይሯል፤ የኋላ ጎማዎቹን አራርቋል፤ የኋላው እግር በጥምዝ ላይ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ደጋፊ ብረት ጨምሯል። ልብ በሉ፣ በ1300ው ላይ የተጨመረው አራት የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ለአራት ፈረስ ይህን ያህል ከለወጡ፣ ለአሥራ ስድስት ፈረስ ምንም ሳይለውጥ የሚነዳ ሰው በምን ተማምኖ ነው? ይህን የምናገረው ደርሶብኝ ነው። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 1200 ቮልስዬን አንድ ጋራዥ 1600 አስገባልኝ፤ ስለ ፍሬን ማንም አላነሳልኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ። እንጦጦን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ስወርድ ግን በልማዴ ከወትሮው ፈጠንኩ። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ፔዳሉ እግሬ ሥር ጠንካራ ነው፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ታምቡሩ ግሎ ሸራው መያዝ አቅቶት ነበር። በካምቢዮ አውርጄ፣ ጎማዋን ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር አሽቼ አቆምኳት። ከጎኔ ታናሽ እህቴ ነበረች። እስካሁን ስለዚያ ቀን አታወራም።

አሁን ወደ ኮሮላው ሞተር። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው የቶዮታ ሞተርና መለዋወጫ ተደርድሮ ያያል፤ ወላይታ ውስጥ የቶዮታ ሞተር የማያውቅ መካኒክ የለም፤ የቮልስን ሞተር በልቡ የሚያውቀው ግን እየሸመገለ ነው። ችግሩ ቅርጹ ነው። የቮልስ ሞተር አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት በሁለት ተኝተው ፊት ለፊት የሚተያዩበት አጭር ሞተር ነው። የኮሮላው አራቱም በአንድ ረድፍ የቆሙበት ረጅም ሞተር ነው። ከኋላ ሲገጠም ወደ ውጭ ይወጣል፤ የብረት ክብደቱ ከኋላ እግሮቹ ባሻገር ይንጠለጠላል። ያ የኋላ እግር ደግሞ ቀድሞውኑ በጥምዝ ላይ የሚታማ ነው። በውሃ ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር ይፈልጋል፤ ራዲያተሩ ንፋስ ለማግኘት ከፊት ቢቀመጥ ቱቦው በመኪናው ሆድ ሥር ሙሉውን ርዝመት ይሄዳል። ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ወፍራም ሳህን በቶርኖ ተለክቶ መሠራት አለበት፤ በፀጉር ስፋት መሐሉን ከሳተ ፍሪሲዮኑና ኩሽኔታው በወራት ያልቃሉ። በውጭ አገር ይህን መንገድ የሚመርጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሱባሩን ሞተር የሚወስዱት እንደ ቮልስ የተኛ ስለሆነ ነው፤ እሱም ከውሃው ጣጣ አያመልጥም። እኛ አገር ሱባሩ እንደ ቶዮታ በየመንገዱ የለም። ስለዚህ ለወጣቱ የኮሮላውን ነገር ተው አልኩት፤ እጁ ስላልቻለ አልነበረም፤ እሱ የሚፈልገው ዳገት መውጣት እንጂ ሁለት ዓመት ጋራዥ ውስጥ መክረም አልነበረም።

ወረቀቱን በአጭሩ ላንሳ። አገራችን የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አውጥታለች። በሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሩም የሻንሲ ቁጥሩም ሰፍሯል። የገዛኸው ሞተር ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ከሻጩ ተቀበል፣ ለውጡን አስመዝግብ፣ ቦሎ ከማደስህ በፊት ጨርሰው። አደጋ ቢደርስ፣ እግዚአብሔር አይበለውና፣ ቁጥሩ የማይመሳሰል ሞተር በኢንሹራንሱ ፊት የሚያስከትለው ክርክር ከሞተሩ ዋጋ ይበልጣል።

ወጣቱ ሌላም ጠየቀኝ፤ «ኤሌክትሪክስ?» ይህ ጥያቄ ደስ አሰኘኝ፤ ለኤሌክትሪክ ሞተር ስስ አየር ማለት ምንም ነው። 2000 ሜትር ላይም ባሕር ዳርቻ ላይም ጉልበቱ ያው ነው፤ ከቆመበት ሲነሳም ሙሉ የማዞር ኃይሉን ይሰጣል። ለዳገት አገር የተፈጠረ ይመስላል። በ2019 እ.ኤ.አ. ፎልክስዋገን ከአንድ አጋር ድርጅት ጋር አሮጌ ቮልስን በኤሌክትሪክ አሠርቶ አሳይቷል፦ 82 የፈረስ ጉልበት፣ 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ፣ በአንድ ቻርጅ ወደ 200 ኪሎ ሜትር። ክብደቷ ግን 1280 ኪሎ ሆነ፤ ከድሮዋ ወደ አምስት መቶ ኪሎ ጭማሪ ነው። እንደገና ፍሬኑ፣ እንደገና የኋላ እግሩ። ከሁሉም በላይ ባትሪው ከመኪናዋ ዋጋ ያልፋል። ሆኖም ወላይታና ዳውሮ መካከል ኦሞ ላይ የቆመው ጊቤ 3 ብቻውን 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቤንዚን በሰልፍና በጄሪካን በሚገኝበት ከተማ የሚኖር ሰው፣ ከደጁ ወንዝ የሚመነጨውን ኃይል መኪናው ውስጥ ማየት ቢመኝ አይፈረድበትም። በሶዶ ቴክኒክና ሙያ የሚማሩ ልጆች እጃቸውን በዚህ ላይ ቢያፍታቱ እመኛለሁ፤ ከኔ ትውልድ ይልቅ የእነሱ ሥራ ነው።

የሆነው ይህ ነው። ወጣቱ በመጀመሪያ የፊት ፍሬኑን በዲስክ አስቀየረ፤ የሞተሩ ገንዘብ ግማሹ በዚያ አለቀ። ከዚያ ከአዲስ አበባ ላሜራው የተሟላ፣ ሰነድ ያለው 1600 አገኘ። የካምቢዮውን ቤት ሶዶ አስሞርዶ፣ ሞቶሪኖና ባትሪውን ወደ አሥራ ሁለት ቮልት አዛውሮ በሰኔ ገጠመው። ቀዩ አፈር በዝናብ ሲላቁጥ ጉልበት ብቻውን ጎማ እንደሚያሽከረክር አየ፤ ጎማውንም ቀየረ። አሁን ገበያ ቀን ሦስት ሰውና በቆሎውን ይዞ ዳገቱን በሁለተኛ ይወጣዋል።

የአባቱ 1200 ሞተር አልተሸጠም። የሚገዛ ሰው መጥቶ ነበር። እናቱ «የሟች ልብ አይሸጥም» ብለው ከለከሉ። ካንዴላዎቹን ፈትተን በአራቱ ቀዳዳ ዘይት ጨመርንበት፣ በእጃችን አዙረን ፒስተኖቹ እንዳይዝጉ አደረግን፣ አፎቹን በጨርቅ ወተፍን። ጎተራው አጠገብ፣ ከምድር ከፍ ብሎ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተቀምጧል። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ልጁ ሄዶ ግማሽ ዙር ያዞረዋል።